በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለችው ቡሹሎ ከሶማሊያ ድንበር እጅግ ሩቅ ናት። በመካከል የሲዳማ ደጋ፣ የጉጂ ጫካ፣ የባሌና የቦረና ቆላ ይገኛል። እንዲያም ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቡሹሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ደጋ ላይ፣ ሶማሊያ ውስጥ ሰልጥነውና ታጥቀው የተመለሱ የሲዳማ ልጆች ከደርግ ጦር ጋር ይታኮሱ ነበር።

ካራማራን የማያውቅ አንባቢ የለም። የዚያድ ባሬ ስም፣ የታጠቅ ጦር ሰፈር፣ የኩባ ወታደሮች ገና ከብዙ ሰው አፍ አልጠፉም። የሚረሳው ከዚያ ጦርነት በፊት የጀመረውና ከዚያም በኋላ የቀጠለው ሌላው ጦርነት ነው፤ አዲስ አበባና ሞቃዲሾ አንዳቸው የሌላውን አኩራፊ እያስታጠቁ ሠላሳ ዓመት ያህል የተዋጉት። አባቶች «በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። የለኪዎቹ ታሪክ በተደጋጋሚ ተጽፏል። እጃቸውን ያስገቡት ግን የራሳቸው ጉዳይ፣ የራሳቸው በደል ነበራቸው፤ ይህ ትረካ ዓይኑን የሚጥለው በእነሱ ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ከ1952 እስከ 1962፦ የባሌ ጠብመንጃ

የሶማሊያ ሪፐብሊክ በሰኔ 1952 መጨረሻ ስትመሠረት ባንዲራዋ ላይ ባለአምስት ጫፍ ኮከብ አኖረች። ሁለቱ ጫፎች በዚያው ቀን የተዋሐዱት የቀድሞዎቹ የእንግሊዝና የጣሊያን ግዛቶች ነበሩ። የቀሩት ሦስቱ ገና በሌላ ሰው እጅ ያሉት ናቸው፦ ጅቡቲ፣ የኬንያ ሰሜን ምሥራቅና የእኛው ኦጋዴን። ሕልሙ በባንዲራው ላይ ይታይ እንጂ ሠራዊቱ አልነበረም። በ1956 ክረምት ሳይገባ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት፣ ሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ሲዋጉ በአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በላይነቱን አሳየ፤ ተኩሱም በሱዳን ሽምግልና ቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ካይሮ ላይ የተሰበሰቡ የአፍሪካ መሪዎች ከቅኝ ገዢዎች የተወረሱት ድንበሮች ባሉበት እንዲጸኑ ወሰኑ። ሶማሊያ አልቀበልም አለች።

በጦርም በዲፕሎማሲም ያልተሳካው ነገር በሦስተኛ መንገድ ተሞከረ። መንገዱን ደግሞ ሞቃዲሾ አልቀየሰችውም፤ ባሌ ውስጥ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። የባሌ ገበሬና ከብት አርቢ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለሹማምንትና ለባለርስት ሲሰጥ፣ ግብር ሲደራረብበት፣ ለአቤቱታው የሚሰማው ዳኛ ሲያጣ በ1955 ጫካ ገባ። ዋቆ ጉቱ ወደ ሶማሊያ ተሻግረው ጠብመንጃ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አመፁ ስንቁን ከባሌ፣ ጥይቱን ከሞቃዲሾ አገኘ። በኦሮምኛ የሚያሰራጨው የሞቃዲሾ ሬዲዮም ወሬውን በየጎጆው ያደርስለት ጀመር። ለአንድ ደሃና አዲስ መንግሥት ይህ ርካሽ ጦርነት ነው። ጥቂት መሣሪያ በመስጠት ብቻ የትልቁን ጎረቤት ብርጌዶች ባሌ ላይ ሰቅዞ ያዘ።

ርካሽ ጦርነት በርካሽ ይተዋል። በ1959 መጨረሻ መሐመድ ኢብራሂም ኤጋል የሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር መታረቅ ለአገራቸው ይበጃል ብለው አመኑ፤ ለአማፂዎቹ የሚሄደውም መሣሪያ እየቀነሰ መጣ። ባሌ ውስጥ ግን መሬቱም ግብሩም እንደነበረ ነው። ያለ ደጀን የቀሩት ታጣቂዎች እስከ 1962 ከያዙት ተራራ አልወረዱም። በዚያ ዓመት ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ከዋቆ ጉቱ ጋር ተነጋግረው በእርቅ እጃቸውን እንዲሰጡ አደረጉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምሕረትና ማዕረግ ሰጧቸው። ኋላ በተደጋጋሚ የምናየው ነገር ሁሉ በባሌ አንድ ጊዜ ታይቶ ነበር፦ እውነተኛ በደል፣ የጎረቤት ጥይት፣ ከዚያም ጎረቤት ሲታረቅ የሚደርቅ ምንጭ።

ከ1962 እስከ 1970፦ ሁለቱ ግንባሮች

በጥቅምት 1962 ሞቃዲሾ ላይ ጄኔራል ዚያድ ባሬ ሥልጣን ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድንበሩን አልነኩም፤ ጊዜ ይጠብቁ ነበር። በሐምሌ 1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈረሙ፤ ታንክና ጄት መጣላቸው። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ደርግ እርስ በርሱ ሲበላላ፣ ኤርትራ ስትነድ፣ የአሜሪካ መሣሪያ ሲቋረጥ ዚያድ ባሬ ሁለት ግንባሮችን አደራጁ። የምዕራብ ሶማሌ ነፃ አውጪ ግንባር ለኦጋዴን፣ የሶማሌ አቦ ነፃ አውጪ ግንባር ለባሌ፣ ለአርሲና ለሲዳሞ። በሁለተኛው ግንባር ዋቆ ጉቱ እንደገና ብቅ አሉ።

የክፍፍሉን ብልሃት ልብ ማለት ይገባል። የኦጋዴኑ ግንባር ሶማሌን ከሶማሌ የሚያገናኝ ነው፤ ጥያቄውም ግልጽ ነው። «አቦ» የተባለው ግን ኦሮምኛ ተናጋሪውን ሕዝብ በሶማሌ ስም መዝግቦ የሞቃዲሾን ካርታ እስከ ሲዳሞ ደጋ ግርጌ የሚዘረጋ ነበር። የባሌ ሰው የመጣው በመሬቱና በክብሩ ምክንያት ነው፤ ሶማሌ ለመባል ብሎ ጠብመንጃ ያነሣ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ያስታጠቀው ግን ሞቃዲሾ ስለነበረ ስሙንም የሰጠው ሞቃዲሾ ነው።

ከዚያ ግንባሩ ጭምብል ሆነ። የሶማሊያ መኮንኖችና ወታደሮች መለዮአቸውን እያወለቁ ከተዋጊዎቹ ጋር ገቡ። በሐምሌ 1969 መደበኛው ጦር ታንኩን እየነዳ ሲሻገር እንኳ ሞቃዲሾ «የእኔ ጦር የለበትም፤ የሚዋጉት ነፃ አውጪዎቹ ናቸው» ማለቷን ቀጠለች። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። ቀሪውን አንባቢ ያውቀዋል፦ በኅዳር ዚያድ ባሬ ሶቪየቶችን አባረሩ፤ ሶቪየቶች መሣሪያቸውን ወደ አዲስ አበባ አዞሩ፤ የኩባ ሠራዊት ገባ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የተመለመለው ሚሊሺያ ከታጠቅ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ከአራት ቀን በኋላ ሞቃዲሾ ጦሯን እንደምታስወጣ አስታወቀች። በዚህ ማስታወቂያ «የለም» ሲባል የኖረው ጦር እንደነበረ ታመነ። ግንባሮቹ ግን የወጣው ጦር አካል ስላልነበሩ ባሉበት ቀሩ።

ከ1970 እስከ 1977፦ የሲዳማ ደጋ

በመደበኛ ጦርነት የተሸነፈ መንግሥት ወደ ሽምቅ ይመለሳል። ዚያድ ባሬም ከካራማራ በኋላ ደርግን ከውስጥ ሊያደማ የሚችለውን ሁሉ ይፈልጉ ነበር። የሲዳማ አርነት ንቅናቄ ሞቃዲሾ በር ላይ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው።

ሐዋሳ ያኔ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ክፍለ ሀገሩ ከሐይቁ ጀምሮ እስከ ኬንያና ሶማሊያ ወሰን ይዘልቃል፤ የባሌ ጦርነት ደቡባዊ ጎኑን ይልሰው ነበር። የሲዳማ ገበሬ በየካቲት 1967 የወጣውን የመሬት አዋጅ በደስታ ተቀብሏል፤ ገባርነት የቀረለት ሕዝብ ቢደሰት አይገርምም። ደስታው የደበዘዘው ቀስ በቀስ ነው። ቡናውን የሚገዛውም ዋጋውን የሚቆርጠውም መንግሥት ሆነ። በየጊዜው «ለእናት አገር ጥሪ» መዋጮ ተጠየቀ። ልጆቹ ወደማያውቁት የሰሜን ግንባር ተወሰዱ። ካድሬው በሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ሹም ሆኖ ተቀመጠ። በወልደአማኑኤል ዱባለ የሚመራው ንቅናቄ ሶማሊያ ውስጥ ቢሮ ከፈተ፤ ወጣቶች እየተሻገሩ ሰልጥነው ወደ አርቤጎናና ወደ በንሳ ደጋ ተመለሱ።

ሲዳማ የሶማሊያ ሕልም ካርታ ላይ የለችም፤ ከኮከቡ ጫፎች አንዱም አያመለክታትም። ስለዚህ ሞቃዲሾ ከዚህ ንቅናቄ መሬት አልጠበቀችም፤ የፈለገችው ደርግ በኦጋዴን ሊያሰልፈው የሚችለውን ሻለቃ ሲዳሞ ላይ እንዲያውለው ነው። የሲዳማ ታጋይ ደግሞ ዚያድ ባሬ ጅጅጋን ቢያገኙ ባያገኙ ግድ አልነበረውም። ሁለቱ የተገናኙት በጠላታቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ጠላት እስካለ ይቆያል፤ በልክ ብቻ ይሰጣል። ደጋውን ነፃ ለማውጣት የሚበቃ መሣሪያ ለሲዳማ አልመጣም። የመጣው ደርግን ለማስቆጣት የሚበቃ ነበር።

ደርግም ተቆጣ። ጦርና ሚሊሺያ ወደ ደጋው ወጣ፤ በታጋይና በገበሬ መካከል ልዩነት ሳይደረግ መንደሮች ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ከሶማሊያ የሚመጣው ትጥቅ በባሌና በቦረና በኩል ማለፍ ነበረበት። በ1972 መጨረሻና በ1973 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ጦር በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ከፍተኛ ዘመቻ አካሂዶ ሁለቱን ግንባሮች ሲሰብር ያ መተላለፊያ ተዘጋ። በባሌ የተጀመረው መንደር ምሥረታም የገበሬውን ቤት ከሽምቅ ተዋጊው ለይቶ ስንቅ አሳጣው። በ1977 ግድም የደጋው ውጊያ ከስሟል፤ መሪዎቹ ሞቃዲሾ ቀሩ።

የምዕራብ ሶማሌ ግንባር ሰዎች በበኩላቸው መራራውን ትምህርት ቀስመው ነበር። ለሞቃዲሾ ትእዛዝ ከመገዛት የራሳችንን ጥያቄ በራሳችን ስም እናንሣ ያሉት ተለይተው በ1976 የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባርን፣ ኦብነግን፣ መሠረቱ። ዚያድ ባሬ የተከሉት ግንባር ከሞቃዲሾ እጅ የወጣ ልጅ ወለደ።

ከ1970 እስከ 1978፦ ተራው የአዲስ አበባ ነው

ደርግ ይህን ጨዋታ ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። ከካራማራ አንድ ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1970፣ ሽንፈቱ ያስቆጣቸው የሶማሊያ መኮንኖች በዚያድ ባሬ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው። ካመለጡት አንዱ ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ካምፕ፣ መሣሪያና ሬዲዮ ጣቢያ ተሰጣቸው። ድርጅታቸው በ1974 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ የሶማሊያ ድነት ዴሞክራሲያዊ ግንባር ሆነ። በመጋቢት 1973 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የሰሜኖቹ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄም በቀጣዩ ዓመት ሰፈሩን ወደ ኢትዮጵያ አዛወረ። በታኅሣሥ 1975 ተዋጊዎቹ በርበራ አቅራቢያ ያለውን የማንዴራ እስር ቤት ሰብረው የፖለቲካ እስረኞችን ሲያስለቅቁ ስማቸው በሰሜኑ ገነነ።

በዚያው ዘመን ምዕራቡም ተመሳሳይ ነበር። ሱዳን ለኤርትራና ለትግራይ ታጋዮች መሸሸጊያና የእርዳታ በር ሆና ነበር፤ ደርግ በምላሹ በ1975 የተነሣውን የጆን ጋራንግን ኤስፒኤልኤ በጋምቤላ አስጠለለ። የኢታንግ ካምፕ ስደተኛውንም ተዋጊውንም አንድ ላይ ያዘ። ዙሪያውን ያየ ሰው የአካባቢው መንግሥታት ሁሉ የየጎረቤታቸውን ተቃዋሚ እየቀለቡ መሆናቸውን ይታዘባል።

ደርግ ግን ስህተት ሠራ። በሰኔና በሐምሌ 1974 የኢትዮጵያ ጦር ከአብዱላሂ ዩሱፍ ሰዎች ጋር ሆኖ ባላንባሌንና ገልዶጎብን ያዘ። ዓላማው ዚያድ ባሬን መጣል ነበር፤ ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ዚያድ ባሬ «አገር ተወረረ» ብለው ሕዝቡን አስተባበሩ፤ አሜሪካም በአስቸኳይ መሣሪያ በአውሮፕላን ላከችላቸው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በራሱ በግንባሩ ውስጥ የተፈጠረው ነው። አብዱላሂ ዩሱፍ ሁለቱ ከተሞች የሶማሊያ መሬት ናቸው፣ የተያዙትም በእኛ ስም ነው አሉ። ክርክሩ በ1978 መጀመሪያ በእስር አለቀ። ዚያድ ባሬን ሸሽተው የመጡት ኮሎኔል ደርግ እስኪወድቅ ድረስ በደርግ እስር ቤት ቆዩ፤ ግንባራቸውም ያለ እሳቸው ተዳከመ። ጠብመንጃ የተቀበለ ሰው አገሩንም ይሸጥልኛል ብሎ ማሰብ የአስታጣቂዎች ሁሉ የተለመደ ስህተት ነው።

1980፦ የሁለቱ መሪዎች ውል

በጥር 1978 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ጅቡቲ ላይ በአንድ ጉባኤ ተገናኙ፤ ሁለት ዓመት ያለ ፍሬ ተደራደሩ። ነገሩን ያፋጠነው ሌላ ግንባር ነው። በመጋቢት 1980 ሻዕቢያ አፍአበትን ሰብሮ የናደው ዕዝን ሲደመስስ ደርግ ከምሥራቅ የሚያነሣው ጦር በአስቸኳይ አስፈለገው። ያ ወር ሳያልቅ ሁለቱ መሪዎች ውሉን ተፈራረሙ፦ ጦር ከድንበር ይራቅ፣ እስረኞች ይለዋወጡ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ያቁም። ባላንባሌና ገልዶጎብ ተመለሱ። ለ11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት የነበሩ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገቡ፤ ታዋቂው የአየር ኃይል አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከእነሱ አንዱ ነበሩ።

ለተመላሾቹ ቤተሰብ ይህ ውል በረከት ነው፤ ማንም ሊነፍጋቸው አይችልም። ለታጣቂዎቹ ግን የፍርድ ወረቀት ሆነ። ሞቃዲሾ የተቀመጡት የሲዳማና የባሌ ሰዎች ደጀን አጡ። በኢትዮጵያ ካምፕ ያሉት የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ደግሞ መሣሪያቸውን ከማስረከብ ወይም ወደ አገራቸው ገብተው ዕድላቸውን ከመሞከር አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ሁለተኛውን መረጡ። ግንቦት 19 ቀን ቡርኦን፣ ከአራት ቀን በኋላ ሐርጌሳን አጠቁ።

አስታጣቂያቸው ቢተዋቸው ይጠፋሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሕዝባቸው አብሯቸው ተነሣ። የዚያድ ባሬ ጦር ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ የሚነሡ አውሮፕላኖች እዚያው ሐርጌሳን እንዲደበድቡ አደረገ። ከተማይቱ ፈረሰች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሃርትሼክ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ። ሁለቱ መሪዎች ዙፋናቸውን ለማዳን የፈረሙት ውል የሁለቱንም ውድቀት አላስቀረም። ዚያድ ባሬ በጥር 1983 ከሞቃዲሾ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ከአዲስ አበባ ሸሹ። ከሁለተኛው ሽሽት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ሶማሌላንድን ነፃ አገር ብሎ አውጆ ነበር። ደርግ ለዓመታት ያስታጠቀው ቡድን ደርግ በወደቀበት ሳምንት መንግሥት ሆነ።

ከ1983 ወዲህ፦ አዲስ ሹማምንት፣ አሮጌ መንገድ

የሲዳማ አርነት ንቅናቄ በሰኔ 1983 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሽግግር ጉባኤ ተገኝቶ በምክር ቤቱ ወንበር አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ከአዲሶቹ ገዢዎች ጋር ተቃቅሮ ወጣ። ኤስፒኤልኤም ደርግ ሲወድቅ ስደተኛውን ይዞ ኢታንግን ለቀቀ። ለጥቂት ዓመት ጨዋታው ያበቃ መሰለ።

አላበቃም። በሰኔ 1987 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ አዲስ አበባ ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግባቸው ኢትዮጵያ ጣቷን ወደ ካርቱም ቀሰረች፤ ኤስፒኤልኤም ድጋፉን መልሶ አገኘ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ አስመራ የዚያድ ባሬን አሮጌ መዝገብ ገልጣ ያነበበች ይመስል የኦሮሞ ነፃነት ግንባርን፣ ኦነግን፣ እና ኦብነግን፣ ቆይቶም ታጣቂዎቹን ደምሕትንና ግንቦት 7ን አስጠለለች። በ1991 ለሶማሊያው የጦር አበጋዝ ለሑሴን አይዲድ መሣሪያ ልካ የኦነግ ተዋጊዎች በሶማሊያ በኩል እንዲገቡ አደረገች። ለሶማሊያ ታጣቂዎች የምትሰጠው ድጋፍ ዋና ምክንያት ሆኖ በታኅሣሥ 2002 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ ጣለባት።

አዲስ አበባ የያዘችው ሰው ደግሞ አሮጌ ወዳጅና አሮጌ እስረኛ ነበር። አብዱላሂ ዩሱፍ በ1997 መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በታኅሣሥ 1999 የኢትዮጵያ ጦር የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን አባሮ ሞቃዲሾ አስገባቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ከዚያ ኅብረት ውስጥ የወጣው አልሸባብ ከተበተነው ኅብረት ይልቅ የበረታ ሆነ። አብዱላሂ ዩሱፍ በታኅሣሥ 2001 ሥልጣን ለቀቁ፤ ጦሩም በቀጣዩ ወር ወጣ። የዚያ ኅብረት አዛዥ የነበሩትና በኢትዮጵያ ታስረው የተፈቱት አሕመድ ማዶቤ ደግሞ ኋላ አልሸባብን እየወጉ የጁባላንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚህ አካባቢ እስር ቤት አንዳንድ ጊዜ የወዳጅነት መግቢያ በር ነው።

በሐምሌ 2010 አዲስ አበባና አስመራ ሲታረቁ የኦነግና የኦብነግ መሪዎች ተመለሱ። ዋቆ ጉቱ ይህን አላዩም፤ በ1998 ናይሮቢ ላይ አርፈዋል። በሲዳማ ደጋ በጠብመንጃ የተጠየቀው ራስን የማስተዳደር ጥያቄ ግን ኅዳር 10 ቀን 2012 በድምፅ ተወሰነ፤ ከመራጮቹ 98.5 በመቶ የሚሆኑት ክልልነትን መረጡ። ቡሹሎን ጨምሮ መላው ሐዋሳ በዚያ ቀን ተሰልፏል። ያንን ውጤት ለማምጣት የየትኛውም ጎረቤት ጥይት አላስፈለገም።

በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሞቃዲሾ ተቆጣች። በመስከረም 2017 የሶማሊያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሕመድ ሞዓሊም ፊቂ፣ ኢትዮጵያ በስምምነቱ ከገፋች አገራቸው ከኢትዮጵያ ታጣቂዎች ጋር ግንኙነት ልትፈጥር እንደምትችል በአደባባይ ተናገሩ። ሦስት ወር ቆይቶ በቱርክ ሸምጋይነት አንካራ ላይ ውጥረቱ ረገበ። ሚኒስትሩ ያሉት ግን አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ ስድሳ ዓመት የሞላው ዘዴ ነው። ማስፈራሪያው የሚላከው ለቤተ መንግሥት ነው፤ ዕዳው እስካሁን የተከፈለው በባሌ ቆላ፣ በሲዳማ ደጋና በሐርጌሳ ፍርስራሽ ነው።